በጓደኛዬ ብስክሌት ቀንቼ

ቅናትም እንደ ሰው ደረጃ አለው። በባለ ቪላ የሚቀና አለ፣ በባለ ሹመት የሚቀና አለ፤ በጎረቤቱ ሚስት የሚቀናም አለ፣ እሱን ለንስሐ አባቱ እንተወው። ጅግጅጋ የሚኖር ሰው ደግሞ የሚቀናበት አያጣም። አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጨርስ ድረስ ወደ ቀብሪበያና ወደ ሸደር የስደተኛ ጣቢያዎች የሚከንፉትን ነጫጭ የእርዳታ ድርጅት መኪኖች ቢቆጥር ጣቱ ያልቅበታል። እኔ ግን በእነሱ ቀንቼ አላውቅም። ከደብረ ብርሃን መጥቼ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ ስሸጥ፣ አምፖል ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል እንደሚበራ ያየሁ ሰው ነኝ። ብታምኑም ባታምኑም፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ቀንቼ ቀንቼ በብስክሌት ቀናሁ። ያውም በአሮጌ ብስክሌት።

ብስክሌቷ የእኔ ብትሆን ብዬ እንዳይመስላችሁ። ጓደኛዬን ወሰደችብኝ ብዬ ነው። ሰው ጓደኛውን መጠጥ ቢወስድበት ይመክራል፣ ትዳር ቢወስድበት መርቆ ይሸኛል። ብስክሌት ወሰደችብኝ ብሎ ለየትኛው ሽማግሌ አቤት ይላል?

ጓደኛዬ ኡመር የጂኦግራፊ መምህር ነው። ከተማው «ዴሬ» ይለዋል፣ ረጅሙ ማለት ነው። ሶማሌ ቅጽል ስም ሲያወጣ አይሳሳትም፣ አይምርም፤ ስለዚህ የእኔን አልነግራችሁም። ለአሥራ አንድ ዓመት እሑድ ጠዋት የእኔና የእሱ ነበረች። ከሱቄ ጀርባ ባለችው ሻይ ቤት ላሆህ የሚባለውን ስስ የሶማሌ እንጀራ በጉበት እንበላለን፣ በወተት የፈላውን ቅመም የበዛበት ሻይ እየደጋገምን ዓለምን እናስተካክላለን፤ ዓለምም በሳምንቱ ተመልሳ ትበላሽና እንደገና ሥራ ታስጀምረናለች። በዚህ ላይ እንዳለን ሐኪሙ ኡመርን «ስኳርህ ድንበር ላይ ደርሷል፣ እንቅስቃሴ አድርግ» አለው። ጅግጅጋ ላይ ድንበር ከተባለ ቶጎ ውጫሌ ነው፤ ኡመርም በዚያው በኩል የገባች፣ ማርሿ የሚንኮሻኮሽ ብስክሌት ገዛ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ ሲነጋ ስልኩን ይዘጋል፣ የካራማራን ዳገት ይወጣል፣ በወዲያኛው በኩል ተጠምዝዞ ይወርድና ፋፈን ወንዝ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። እኔ ብቻዬን ሻይ ቤት ተቀምጬ ጉበቱ ይቀዘቅዛል። አራት ሰዓት ገደማ ይመጣል፤ ላብ በላብ ሆኖ፣ ፊቱ በርቶ። ያ ፊት ነው የሚያቃጥለኝ። ስለ ጸጥታው ይነግረኛል፤ የጫት መኪኖቹ ሳይመጡ በፊት መንገዱ የአላህ ብቻ ነው ይላል። ስለ ወንዙ ይነግረኛል፤ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ሆኖ ስለሚከርም ወንዝ። በክረምት ደግሞ ስለ «ሐይቁ» ይነግረኛል። ሐይቅ የሚለው ከኮረብታው ሥር ዝናብ ያቆረውን፣ ሌላው ሰው የግመል ማጠጫ የሚለውን ኩሬ ነው። ካራማራ በጠዋት ውሃው ላይ ተገልብጦ ይታያል አለኝ አንድ ቀን። ተራራ የተገለበጠበት ሰው ምን ያስደስተዋል ብዬ ሻዬን ፉት አልኩ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት አደንን ነው። አደን ፋፈን መንገድ ዳር ዛፍ ሥር የግመል ወተት የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ኡመር እዚያ አርፎ ይመለሳል፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ «አዴር አደን እንዲህ አሉ» ነው። አዴር ማለት አጎቴ እንደማለት ነው፣ ለሽማግሌ የሚሰጥ ክብር። ስለ ዝናቡ እናወራለን፣ አዴር አደን ተንብየዋል። ስለ ምርጫ እናወራለን፣ አዴር አደን ከግመል አመራረጥ ጋር አያይዘው ተንትነውታል። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ዓለምን ያስተካከልኩት ሰውዬ አሁን ዓለምን በአንድ ወተት ሻጭ ያስተካክላል! ባለፈው ሰሞን ትዕግሥቴ አለቀና «እንግዲያው አደንን አምጥተህ ጂኦግራፊ ያስተምሩልህ» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል። እኔ ብስክሌት ተበደርኩ። ጎረቤቴ ፎዚያ፣ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ጥሎት የሄደ ብስክሌት ነበራት። ሦስት ሳምንት ከከተማው ጫፍ ሰው በማያየኝ ሜዳ ላይ ተለማመድኩ። ፍየሎች አዩኝ፣ ፍየል ግን ወሬ አያወጣም። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ ከኡመር ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እነሳለሁ፣ ፋፈን እደርሳለሁ፣ ኡመር ሲመጣ ከአደን ጋር ወተቴን እየጠጣሁ፣ «ውይ ኡመር፣ አንተም እዚህ ትመጣለህ እንዴ?» እላለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ብቻዬን ሳልለማመዳት የዋልኩበት ቀን አልነበረም። እሑድ ጠዋት ባለቤቴን ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ነው አልኳት። ከላይ እስከ ታች አይታ «በቱታ?» አለች።

አንድ ነገር ላመስግን፤ ቅናቴም ቢሆን አይከለክለኝም። መንገዱ ያምራል። የጅግጅጋ ነፋስ ገና አልተነሳም ነበር፤ የጎማዬን ድምፅ ብቻ ነበር የምሰማው። ዝናቡ በዚያ ሳምንት ጥሎ ነበርና ኮረብታው አረንጓዴ ለብሷል። ኩሬው ሞልቶ፣ ካራማራም እውነትም ተገልብጦ ውስጡ ተኝቷል። ቆሜ ላየው ፈለግሁ። ግን ኡመር ከኋላዬ ይመጣል፤ አላቆምኩም። እንዲህ ያለውን ጠዋት ሁለት ዓመት ለብቻው በላው ብዬ እንደገና ተናደድኩና ፔዳሉን ረገጥኩት።

እዚህ ላይ ነው ስህተቴ የሚጀምረው። በዚህ አገር መንገደኛ ባዶ እጁን ሊያልፍ ይችላል፣ ወሬ ሳይሰጥ ግን አያልፍም። «ኢስካ ወራን?» ከተባልክ፣ ስለራስህ አውራ እንደማለት ነው፣ ትቆማለህ። ከየት እንደመጣህ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ገበያው እንዴት እንደዋለ፣ ማን እንደታመመ ማን እንደዳነ ትናገራለህ፤ ከዚያ አንተም ትጠይቃለህ። ሃያ ዓመት የኖርኩበት አገር ነው፣ አውቀዋለሁ። ግን እኔ የማውቀው ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው፤ ዳገት ላይ ምላስህ ወጥቶ ሲጠይቁህ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጠያቂ ኬላ ላይ ያለ ጠባቂ ነበር። «ዋርያ! ኢስካ ወራን?» አለኝ። ትንፋሽ ስለሌለኝ እጄን አወዛወዝኩለት። ቀጥሎ ከዳገቱ ላይ ሁለት ግመል ጠባቂዎች ጠሩኝ። አቀርቅሬ አለፍኩ። ቁልቁለቱ ላይ አህያዋን የምትነዳ ሴት ጮኻ ጠየቀችኝ፤ እዚያስ ፍሬኔን ጨብጬ ጸሎት ላይ ስለነበርኩ አልሰማኋትም ማለት ይቻላል።

አሁን በእነሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። በዚያ መንገድ ላይ የሚታወቅ ብስክሌተኛ አንድ መምህሩ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ቆሞ ወሬ ይሰጣል። ዛሬ እሱ ቀርቶ፣ አንድ አጭር ደገኛ በብስክሌት፣ በማለዳ፣ ማንንም ሳያናግር፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ ፋፈን ይጋልባል። ወሬ የማይሰጥ መንገደኛ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ለባለቤቱ ካልሆነ ለሌላ የማይነገር ወሬ ይዟል። ሌባ እንዳይሉት ብስክሌቱ ቀርፋፋ ነው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት እንደሚባለው መላ ጨመሩበት፣ ወደ ኡመር ስልክ ደወሉ፣ ዝግ ነው። ሞባይል ደግሞ ከእኔ ፔዳል ይፈጥናል።

ፋፈን ስደርስ ዛፉ ሥር ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። ጺማቸውን ሂና የቀቡ ቀጭን ሽማግሌ ከመሀል ወጡና ሳልወርድ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። አደን መሆናቸውን ወዲያው አወቅሁ። ዓይኔ በቁልቁለቱ ነፋስ እንባ ያፈስሳል፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ አፌን ከፍቼ ድምፅ የለኝም። «ኢና ሊላሂ» አሉ። ሌሎቹም አሉ። ከዚያ በአማርኛ፣ ድሬዳዋ ከብት ሲነግዱ በለመዱት አማርኛ፣ በቀስታ ጠየቁኝ።

«ኡመር ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

አሁን ላይ ሆኜ ስነግራችሁ ያስቃል። ያን ጊዜ ግን አንድም ነገር ወደ ጭንቅላቴ አልመጣም፤ እኔ ያመጣሁት ወሬ ነው ብዬ አላሰብኩም። እነሱ ያወቁትን እኔ ሳላውቅ የቀረሁ መሰለኝ። ከኋላዬ መኪና መታው? ስኳሩ ጣለው? ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ፤ የደወሉለት ስልክ ዝግ ነው ትላለች ልጅቷ። ሁልጊዜ እሑድ ዝግ እንደሆነ ጠፋኝ። ከብስክሌቱ ወርጄ ወተት ማስቀመጫው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለዚያ ሰው ከዚያ ሽሙጤ ወዲህ አንድ ደህና ቃል አልተናገርኩትም። ብስክሌቷን ይዞ ሁሉን እሑድ ይውሰድ፣ አደንንም ይውሰድ፣ ብቻ ይኑር አልኩ። አለቀስኩ። የእውነቴን።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመና ሾፌሩ በሶማሊኛ አንድ ነገር ጮኸ፤ ዛፉ ሥር ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። አደን ተረጎሙልኝ። ኡመር ኬላው ላይ ነው። ጠባቂው አቅፎት አለቅም ብሏል፤ በየደረሰበት ሰው እያስቆመው መኖሩን እያስረዳ ነው። እያንዳንዱ ደግሞ ሙሉ ወሬ ይፈልጋል።

አደን እንደ እኔ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ደስታው ሲያልቅ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «አሁን ወሬ አምጣ» አሉ። «ለምን መጣህ? ለምን መንገድ ላይ ዝም አልክ?» ልዋሽ ነበር። ለባለቤቴ የዋሸሁትን ያህል እንኳ ለእሳቸው መዋሸት አቃተኝ፤ እንባዬ ገና አልደረቀም።

«ቀንቼ ነው አዴር» አልኩ። «በእርስዎ ቀንቼ። ሁልጊዜ አደን እንዲህ አሉ፣ አደን እንዲያ አሉ ይላል። እኔን ትቶኝ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩ።

«አንተ ነህ ታደሰ?»

«አዎ።»

«ኡመር ከብስክሌት ወረደ፣ ታደሰ እንዲህ አለ ይላል። ወተት ጠጣ፣ ታደሰ እንዲህ አለ ይላል። እኔ ስለ ግመሌ እናገራለሁ፣ ታደሰ ግን ይላል። ሁለት ዓመት!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይቼህ አላውቅም። ግን ጠልቼህ ነበር።»

እኔም ጠልቻቸው እንደነበር ነገርኳቸው። ጨዋ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በመጀመሪያ ትውውቅ አይነጋገርም፤ እኛ ግን ተነጋገርን፣ ቀለለንም። ከዚያ ሐሜት ጀመርን። ኡመር ሲሸነፍ ካርታ እንደሚጠቅስ፣ የሌላውን ሐሳብ የራሱ አስመስሎ እንደሚናገር፣ ሒሳብ ላይ ደካማ እንደሆነ በየተራ መሰከርን። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያን ጠዋት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ኡመር የደረሰው ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው። በየመንገዱ ታቅፎ ታቅፎ ሸሚዙ ተጨማድዷል። ብስክሌቷን ዛፉ ላይ አስደግፎ እኔን አየ፣ የፎዚያን ልጅ ብስክሌት አየ፣ ቱታዬን አየ።

«ዋርያ፣ ገደልከኝ አይደል?» አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «እንድትመጣ ሁለቴ ለምኜህ የለ? በዚህ ዕድሜዬ ልጅ ልሁን እንዴ ብለህ የሳቅህብኝ አንተ አይደለህ?»

ይህን መጀመሪያ ላይ አልነገርኳችሁም። እውነት ነው፣ ለምኖኛል። ቀናተኛ ሰው ሲከስስ ሁሉንም አያወራም።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣ አደን ወተቱን በቆርቆሮ ጣሳ ቀድተው ተነሱ። በዚያ ዛፍ ሥር የዕለቱን የመጀመሪያ ጣሳ የሚጠጣ የሚከበረው ሰው ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ የሚጠጣው ኡመር ነበር። ኡመር ረጅም እጁን ዘረጋ። አደን በአጠገቡ አለፉና ለእኔ ሰጡኝ። ከጎኔም ተቀመጡ።

የኡመር እጅ ትንሽ እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው የብስክሌቷን መሪ ይጠርግ ጀመር፤ ዓይኑ ግን ከጣሳው ላይ አልተነሳም። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ሻይ ቤት ብቻዬን ስቀመጥ የነበረኝ ዓይን ነው። ጓደኛዬ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በፊት በሕይወት ይኑርልኝ ብዬ መሬት ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩለት ሰው ነው፤ ጣሳውን ላሳልፍለት ይገባ ነበር።

ቀስ ብዬ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣሁት።