ዳርክ ሞድ በቀትር ፀሐይ

ሰው እርጅና የሚጀምረው ከጉልበቱ ይመስለዋል። የእኔ የጀመረው ከስልኬ ነው። መጀመሪያ ፊደሉን አተለቅኩ፤ ቀጥዬ ስልኩን ከፊቴ አራቅኩ፤ ክንዴ አልበቃ ሲል ደግሞ ጥፋቱን በብርሃኑ ላይ ጣልኩ። እናንተም አድርጋችሁታል፤ አትካዱ። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም፣ ቤቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። በሁለቱ መሃል ያለውን ረጅም መንገድ የምገፋው ሚኒባስ ውስጥ ተጨምቄ፣ ስልኬ ላይ ዶክመንት እያነበብኩ ስለሆነ፣ መገናኛ ስደርስ ዓይኔ ሽንኩርት ሲከትፍ የዋለ ሰው ዓይን ይመስል ነበር።

መላውን ያሳየችኝ የቢሮ ባልደረባዬ ናት። ስልኬን ተቀብላ አንድ ቦታ ነካ ስታደርገው ነጩ ገጽ ጠቆረ፤ ጥቁሩ ፊደል ነጣ። «ዳርክ ሞድ ነው፤ ዓይንህ ይረፍበት» አለችኝ። እውነትም አረፈ። ከዚያ ወዲያ ሰባኪ ሆንኩላችሁ። ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ቦግ አድርጎ ሲያነብ ካየሁ ሳልመክረው አልወርድም። ሲሻለው ሐኪም የሚሆን ሰው እንዴት እንደሚያሰለች መቼም ታውቃላችሁ። ስብከቴ ግን አንድ ነገር ረስቶ ነበር። ፀሐይን።

ጋሽ ለማ ያረፉት በዚህ በጋ ነው። ባደግኩበት ቀበና፣ ወንዙ ዳር፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበሩ ከመንገድ ሲመለሱ የሰፈሩን ልጆች ጋቢና ውስጥ አጭቀው ሳያዞሩን ቤታቸው አይገቡም። የሕይወት ታሪካቸውን ቀብራቸው ላይ እንዳነብ የጠየቀኝ አብሮ አደጌ፣ ልጃቸው ኤፍሬም ነው። «ድምፅህ ጥሩ ነው፤ ደግሞም አታለቅስም» አለኝ። ጽሑፉን ራሱ ጽፎ በቀብሩ ዕለት ጠዋት በቴሌግራም ላከልኝ።

ሚኒባስ ውስጥ በዳርክ ሞድ፣ በምቾት አነበብኩት። ሁለት ሦስት የፊደል ግድፈት አረምኩ። አንድ ግድፈት ግን የፊደል አልነበረም። «የሦስት ልጆች አባት ነበሩ» ይላል።

ጫልቱን ቀበና የማያውቃት የለም። ጋሽ ለማ ትዳር ከመያዛቸው በፊት፣ የወለጋን መንገድ ሲመላለሱ የወለዷት ልጅ ናት። በዓል በመጣ ቁጥር ትመጣለች፤ አባቷን በር ላይ ስማ፣ ይዛ የመጣችውን አስቀምጣ ትመለሳለች። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል፤ ሰፈሩ ሁሉ አያነሳትም።

ደወልኩ። «ኤፍሬም፣ ጫልቱስ?»

«እማዬን ሰው ፊት ማሳቀቅ አልፈልግም። እባክህ፣ እንዳለ አንብበው» አለኝ።

«እሺ» አልኩ። አባቱን ሊቀብር ለወጣ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

ቤተ ክርስቲያኑ ከእንጦጦ ግርጌ፣ አቀበቱ ላይ ነው። ፍትሐቱ አልቆ ማይክራፎኑን ሲያቀብሉኝ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆማለች። ሬሳ ሳጥኑ ከፊቴ ነው፤ ከጎኑ እትዬ አስካለ፣ የጋሽ ለማ ባለቤት፣ በልጆቻቸው ተደግፈው ቆመዋል። ስልኬን ከፈትኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ጎንበስ ብዬ ባይ የማየው የራሴን ፊት ነው! ከኋላው ደግሞ የባሕር ዛፍ ጫፍ። ጽሑፍ የሚባል ነገር የለም። ጥቁር መስታወት።

የመጀመሪያዎቹን መስመሮች በቃሌ ወጣኋቸው፦ የተወለዱበት አገር፣ የአባታቸው ስም፣ መንጃ ፈቃድ ያወጡበት ዘመን። ከዚያ አለቀብኝ። ብርሃኑን እስከ ጥጉ ጨመርኩ፤ ስልኩ በፀሐይ ግሎ ኖሮ ራሱ መልሶ ቀነሰው። ዳርክ ሞዱን ላጥፋ ብዬ በዳበሳ ብነካካ የማላውቀው ነገር ተከፈተ፤ ስዘጋው ጭራሽ የት እንደነበርኩ ጠፋኝ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነው። አንዲት ሴትዮ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ እሱ ያጥናህ» አሉኝ። ያለቀስኩ መስሏቸው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ድንገት ጥላ አረፈብኝ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ከጨለማው ብቅ አሉ።

ቀና ስል ጥቁር ዣንጥላ የዘረጋች ሴት ከጎኔ ቆማለች። ጫልቱ ናት። ከቤተሰቡ ጋር ሳይሆን ከኋላ፣ አጥሩ ጥግ ቆማ ነበር። «አንብብ ወንድሜ፤ እኔ እይዝልሃለሁ» አለችኝ በለሆሳስ።

አነበብኩ። የነዷቸውን መኪናዎች፣ ያቋረጧቸውን በረሃዎች፣ እድሩን ስንት ዘመን እንዳገለገሉ። ድምፄ ተመለሰ። ግን መስመሩ እየቀረበ ነው። እሷ ትከሻዬ አጠገብ ናት፤ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው፤ እኔ የማየውን ሁሉ ታያለች። «የሦስት» የምትለዋ ቃል ከታች ወደ ላይ ስትመጣ አየኋት። ዣንጥላው ግን ንቅንቅ አላለም። ኤፍሬም አንገቱን አስግጎ ያየኛል።

«አቶ ለማ ባለትዳርና…» ብዬ ቆምኩ። ትንፋሽ ወሰድኩ። «…የአራት ልጆች አባት ነበሩ።»

የሦስቱን ስም አነበብኩ። መጨረሻ ላይ የሌለውን አነበብኩ፦ «እንዲሁም ጫልቱ ለማ።»

ዣንጥላው ዘንበል አለ። ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ ዘነበችና ሁሉም ነገር ጠፋ። ጠበቅኩ። ከጥቂት በኋላ ጥላው ተመለሰ፤ የቀረውን አንብቤ ጨረስኩ። እትዬ አስካለን ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

ከቀብር መልስ ቀበና ድንኳን ገብተን ተቀመጥን። ምግብ እንደቀረበልኝ ኤፍሬም ከወዲያ በኩል ሰው እየከፈለ መጣ። ከጎኔ ተቀመጠ።

«ማን ጨምርበት አለህ?»

«ስክሪኑ እኮ በፀሐይ አልታየኝም» አልኩ። «ይሄ ዳርክ ሞድ የሚሉት ነገር…»

ሦስትን አራት አድርጎ የሚያሳይ ዳርክ ሞድ ገና አልተሠራም። እሱም ያውቃል።

«እማዬ ጠርታኝ ነበር፤ ሦስት ብዬ እንደጻፍኩ ነገርኳት» አለ። «‹ለእኔ ብለህ ነው አሉ የተውካት፤ እኔን ጠይቀኸኝ ነበር?› አለችኝ።»

እኔም አልጠየቅኳቸውም። ቀበናም እኚያን ሴት በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ላለማሳቀቅ ሲጠነቀቅ ኖረ እንጂ፣ ይሳቀቁ እንደሆን የጠየቃቸው አልነበረም። ቀና ስል ጫልቱ እትዬ አስካለ የተቀመጡበት ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አይነጋገሩም። ግን ተቀምጣለች።

«ጽሑፉን ላክልኝ» አለ ኤፍሬም። «የዘመድ ግሩፑ ላይ ላድርገው።»

«ያንተው እኮ ነው፤ አንተ ጋ አለ።»

«የእኔን አይደለም። ያነበብከውን።»

ስልኬን አወጣሁ። «ሦስት»ን አጥፍቼ «አራት» አልኩ። ወርጄ ከስሞቹ መጨረሻ ላይ የጫልቱን ስም መጻፍ ስጀምር ክንዴን ያዘኝ።

«እዚያ አይደለም።»

«የት ላድርገው ታዲያ?»

«ከእኔ በፊት ነዋ» አለ፤ ለመነሳት እጁን ጉልበቱ ላይ እየተደገፈ። «ታላቃችን እኮ ናት።»