የተጣፋችው ዝንብ

በሰባት ቤት አገው ምድር ዘር መቁጠር የማይችል ሰው አይገኝም። የዝንብን ዘር የሚቆጥር ግን በዘመኑ ከእኔ ሌላ አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ቢሆንስ ማን ይከለክለኛል?

እንጅባራ ላይ የከብት ክትባት ረዳት ነበርኩ። የዝንብ ቤተሰቦች ፎቶግራፍ ያለበት ደብተር ደርሶኝ ነበር። የቤት ዝንብ ስታርፍ ክንፎቿን ከፈት ታደርጋለች፤ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የምታመጣው የቆላ ዝንብ ግን አንዱን ክንፍ በሌላው ላይ ትደርባለች። ይህችን ይዤ በቃ ሊቅ ሆንኩ።

አያ ፈንታ የሚባሉ ገበሬ ከቆላው ከጫግኒ በተመለሱ ማግስት ከፈረሳቸው አንገት ላይ የመቷትን ዝንብ በወረቀት ጠቅልለው አመጡልኝ። ለጥር ጊዮርጊስ ሳምንት ቀርቶታል። በዚያ ቀን በሚደረገው የፈረስ ግልቢያ ከፈረሰኞቹ ሁሉ ፊት የሚጋልቡት እሳቸው ናቸው፤ ከአባታቸው የወረሱት ቦታ ነው። “ፈረሴ ተይዞ እንደሆነ ቁርጡን ይንገሩኝ፣ ዶክተር” አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ግን የሽማግሌን ቃል ማረም ነውር አይደለም?

ዝንብን በዓይን አይቶ መፍረድ ያልተማረ ሰው ሥራ ነው ብዬ ዳንግላ ወዳለው ፎቶ አንሺ ላክኋት። ፎቶው በሦስተኛው ቀን መጣ። ክንፎቿ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው ቁጭ ብለዋል። ወዲያው ፈረሱ ለብቻው እንዲታሰር፣ ለበዓሉም እንዳይወጣ ፈረድኩ። አያ ፈንታ የፈረሱን አንገት እያሻሹ ሄዱ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚባለው ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

ጊዮርጊስ አለፈ። አያ ፈንታ ከሴቶቹና ከሕፃናቱ ጋር ቆመው የሌላውን ግልቢያ ተመለከቱ። ፈረሱ ግን መክሳቱ ቀርቶ ገብሱን እየቆረጠመ ወፈረ። ወር ሲሞላው ሁለታችንም ዳንግላ ወርደን ፎቶ አንሺውን ጠየቅነው።

ሰውየው በኩራት አስረዳን። ዝንቧ ስትመጣ ክንፏ ወዲያና ወዲህ ተንዘርፍፎ ነበር። እሱ ደግሞ ነጠላው የተንዘረፈፈ ሰው ሳያስተካክል አንስቶ አያውቅም። ስለዚህ በመርፌ ሰብስቦ፣ ክንፏን በወግ አጣፍቶ አነሳት።

እኔ ፎቶውን በትክክል እንዳነበብኩ፣ ጥፋቱም የዝንቧ እንደሆነ አስረዳሁ። አያ ፈንታ አልሰሙኝም። ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፣ በኮት፣ በከረባትና በመነጽር የተነሳሁትን የእኔን ፎቶ ያያሉ። ቀጥለው ከጎኑ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን የቤቱን ኮት፣ የቤቱን ከረባትና የቤቱን መነጽር አዩ።

“ለካ እርስዎንም አጣፍቶ ነው ያነሳዎት” አሉ።