በአሥራ ዘጠኝ ቀን የቀደመችው ወይዘሮ

በዚህ ዓለም ላይ ሰው የመጀመሪያ ሆኖ የገባበት ሰፈር የለም። ጨረቃ ላይ ቤት ተሠርቶ ቁልፍ ተቀብለህ ብትሄድ እንኳ፣ በር ላይ ቆሞ «አሁን ገና መጣህ?» የሚልህ አታጣም። ይህ ሰው የሚቀድምህ በሁለት ሳምንት ቢበዛ በሦስት ነው፤ አነጋገሩን ብትሰማው ግን አገሩን ያቀና ባላባት ነው። መብራት መቼ እንደሚጠፋ ያውቃል። ጥበቃውን በስሙ ይጠራዋል። «ያኔ እኮ እዚህ ምንም አልነበረም» ይልሃል በረጅሙ ተንፍሶ፤ ያኔ የሚለው ያለፈውን ወር ነው።

ለሮዛሊንድ ኮቫች ይህ ሰው ክብርት ወይዘሮ ግሌንዳ ፕሩት ናት።

ሮዛሊንድና ባሏ ዱዌይን ኦሃዮ ውስጥ አርባ ዓመት በረዶ ሲዝቁ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን ሸጡና ወደ ፍሎሪዳ ወረዱ። የገዙት ጡረተኞች ብቻ የሚኖሩበት፣ ገና በመሠራት ላይ ያለ መንደር ውስጥ ነው። የመንደሩ ስም «የሽመላ ሐይቅ» ይባላል። ሽመላው አልመጣም፤ ሐይቁም ገና እየተቆፈረ ነው። ስድስት መቶ ቤት ይሠራበታል ከተባለው አሸዋ ላይ ያን ጊዜ ያለቁት አሥራ አንድ፣ ሰው የገባባቸው ደግሞ ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው የግሌንዳ፣ ሁለተኛው የሮዛሊንድ።

የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ውሉን ቀድማ የፈረመችው ሮዛሊንድ ናት፤ ግሌንዳን በአራት ቀን ትቀድማታለች። ግን ምን ያደርጋል፣ ለወጥ ቤቷ መደርደሪያ ግራጫ ድንጋይ አዘዘች፤ ቆይታ ነጭ ይሁንልኝ አለች፤ ነጩ ተቆርጦ ሲመጣ «አይ፣ ግራጫው ሳይሻል አይቀርም» አለች። ግሌንዳ የሰጧትን ድንጋይ ተቀብላ፣ ቁልፏን ተረክባ፣ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ቀድማ ገባች። ቀድሞ ከወጣ ጆሮ በኋላ የወጣ ቀንድ ይበልጣል የሚባለው ለዚህ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። መንደሩ ግን ለነዋሪው ሁሉ ደረት ላይ የሚለጠፍ ባጅ ያድላል፤ ስም፣ የመጡበት አገር፣ ከሥሩም ቁልፍ የተረከቡበት ተራ ቁጥር የተጻፈበት። ጡረተኞቹ ይህን ባጅ ለራት ግብዣም፣ ለሐኪም ቀጠሮም፣ ቆሻሻ ለመጣልም ያደርጉታል። ሰው ሲተዋወቁ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ፊቱ ላይ ሳይሆን ቁጥሩ ላይ ነው። የግሌንዳ «001» ይላል። የሮዛሊንድ «002»። ሮዛሊንድ ያቺን ሁለት ባየች ቁጥር ደረቷን ቃር ይላታል።

እነ ሮዛሊንድ የገቡ ዕለት የዕቃ መኪናው ገና ሳይራገፍ፣ ብርቱካናማ ባንዲራ የተሰካባት አንዲት በባትሪ የምትሄድ የጎልፍ ጋሪ ከዋናው መንገድ ጥግ በኩል አሸዋውን እያቦነነች መጣች። ከጋሪዋ ላይ የሰባ አራት ዓመት አጭር ሴትዮ ወረደች፤ ከራሷ ላይ ጥላ የሚያህል የሰሌን ባርኔጣ፣ ከእጇ ላይ በፎጣ የተሸፈነ ሳህን።

«እንኳን ደህና መጣችሁ የኔ እህት! ቆሻሻ የሚነሣው ማክሰኞ ነው፤ በራችሁ ላይ እንዳታስቀምጡት፣ መኪናው መዞሪያ የለውም፣ እስከ ጥጉ ውሰዱት። የፖስታ ሳጥን ገና አልተተከለም። መንገዳችንን ካርታ አያውቀውም፣ ስልካችሁ የከብት ግጦሽ ነው ይላችኋል፤ ዕቃ ሲመጣላችሁ እኔን ጥሩኝ፣ ከዋናው መንገድ መርቼ አመጣላችኋለሁ። ባሌ ዋልተር ውሉን አብሮኝ ፈርሞ ቁልፉን ሳይቀበል ሞተ። ይሄ በቱና የተጋገረ ፓስታ ነው፤ ሳህኔን መልሱልኝ እሺ?»

ግሌንዳ ይህን ሁሉ ያለችው በአንድ ትንፋሽ ነው። ሮዛሊንድ ከዚህ ውስጥ የያዘችው ማክሰኞን ብቻ ነው።

«እዚህ ብዙ ቆየሽ እንዴ?» አለቻት ሳህኑን እየተቀበለች።

«ኧረ ተይኝ እህቴ! እኔ ስመጣ እኮ እዚህ ምንም አልነበረም!»

ሮዛሊንድ ግራ ቀኝ አየች። አሁንም ምንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሮዛሊንድ አንድም ነገር ቀድማ አይታ አታውቅም። አንድ ጠዋት ከቦዩ ዳር አዞ ተጋድሞ አየችና ልቧ በአፏ እስኪወጣ ሮጣ ለግሌንዳ ነገረቻት። ግሌንዳ ጥፍሯን ቀለም እየቀባች ነበር፤ ቀናም አላለች። «ትንሿን ነው ያየሻት? አባትየው እኔ እንደገባሁ ሰሞን ነበር የሚመጣው።» ሌላ ቀን ሰማይ ተቀዶ ዝናብ ወረደ፣ መብራት ጠፋ፣ የመንገዱ አሸዋ እስከ ደጃፍ መጣ። ግሌንዳ የዝናብ ካፖርቷን ደርባ በጋሪዋ ዞር ዞር አለችና «ይሄም ዝናብ ተብሎ! የኔን ጊዜ ባያችሁ» ብላ ሄደች። የኔ ጊዜ! ንጉሥ እንኳ ዘመኑን እንዲህ አይጠራም።

ሐይቁን በመኪና ቁፋሮ የሚሠሩት ሰዎች ግሌንዳ ስታልፍ የመኪናቸውን ጥሩንባ ይነፉላታል። አንድ ቀን ሮዛሊንድ እጇን አውለበለበችላቸው። አንዱ ሾፌር ሰላምታውን ከመመለሱ በፊት ግሌንዳ ከኋላዋ እንዳለች ለማየት አንገቱን አሰገገ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው አይረሳም።

ከሁሉ የባሰው ግን በገዛ ቤቷ ነበር። አርባ አራት ዓመት በትዳር አብራው የኖረችው ዱዌይን፣ ወሬ ሲጀምር «ግሌንዳ እንዳለችው» ማለት አመጣ።

«ግሌንዳ እንዳለችው ሣሩ ውሃ መጠጣት ያለበት በጠዋት ነው» አላት አንድ ቀን፣ ቢጫ እየሆነ ያለውን ሣራቸውን እያየ። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ መጥቶ የተነጠፈ ነው፤ የግሌንዳው ለምልሟል።

«ትናንት እኔ ምን አልኩህ? ይኸንኑ አይደለም ያልኩህ?»

«አንቺማ መስሎሽ ነው። እሷ ግን ታውቀዋለች።»

«ከየት አመጣችው? በአሥራ ዘጠኝ ቀን ዩኒቨርሲቲ ገባች?»

«ድንጋዩን ባትቀያይሪው ኖሮ አንቺም ይሄኔ ታውቂው ነበር።»

ዱዌይን ያን ዕለት ራቱን ብቻውን በላ።

አምስት ወር እንዲህ አለፈ። መንገዱ አስፋልት ለበሰ፣ ካርታው ግን አሁንም ግጦሽ ነው ይላል። ሰው የገባባቸው ቤቶች ሠላሳ ደረሱ። በዚህ መሀል የመሰብሰቢያው አዳራሽ አለቀና ለሁሉም ደብዳቤ መጣ፤ በምረቃው ቀን ሪባኑን የምትቆርጠው የመንደሩ የመጀመሪያዋ ነዋሪ ናት፣ ስሟም በናስ ተቀርጾ ከበሩ ላይ ይሰቀላል የሚል። ግሌንዳ በማግስቱ መቀስ ገዛች።

ሮዛሊንድ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ናስ እኮ ነው፤ ባጅ ቢጠፋ ይጠፋል፣ ናስ ግን ከሞትሽም በኋላ በሩ ላይ ነው። ውሏን ከመሳቢያ አወጣችና ወደ መንደሩ ሥራ አስኪያጅ ወደ ኬንት ሄደች። ኬንት ጎልማሳ ነው፤ ጊዜ የተረፈውን ጡረተኛ ያህል የሚፈራው ነገር የለም።

«ነዋሪ የሚባለው ቀድሞ የገባ ነው ወይስ ቀድሞ የፈረመ?» አለችው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ።

«እ... አላሰብንበትም እመቤቴ።»

«እንግዲያው አስቡበት! ቀኑን አንብበው። ጮክ ብለህ አንብበው።»

ኬንት ጮክ ብሎ አነበበው። «ለዋናው መሥሪያ ቤት አስተላልፋለሁ» አለ ላቡን እየጠረገ።

በዚያው ሳምንት ግሌንዳ የልጅ ልጇን ልትድር ለሁለት ሳምንት ወደ ዊስኮንሲን ሄደች። ከመሄዷ በፊት የጋሪዋን ቁልፍ ለማን ብትሰጥ ጥሩ ነው? ለሮዛሊንድ! «አደራ፣ ጥጉን አንቺ ጠብቂልኝ። አዲስ የሚመጡትን መርቶ የሚያመጣቸው ከሌለ እዚያው ግጦሹ ውስጥ ነው የሚቀሩት» አለቻት። ሮዛሊንድ ቁልፉን ስትቀበል ውስጧ በደስታ ሰከረ። በነጋታው ጋሪዋን አስነሥታ ጥጉ ላይ ተገተረች። የሶፋ መኪና መጣ። «ተከተሉኝ!» አለች፤ ባንዲራዋም ተውለበለበች። ቁፋሮ የሚሠሩት ሰዎች ጥሩንባ ነፉላት። እልል በይ ቢሏት ትል ነበር።

በአሥረኛው ቀን ዊኒፍሬድ የምትባል ሴት ከፔንስልቬንያ መጣች፤ ቁጥር 031። ሮዛሊንድ በስጎ የሠራችውን ባቄላ ይዛ ስትደርስ፣ ሴትዮዋ ከመኪና ማቆሚያው ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ትንሰቀሰቃለች።

«እንኳን ደህና መጣሽ፤ ቆሻሻ የሚነሣው ማክሰኞ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። «ምነው እህቴ? ምን ሆንሽ?»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት የኖርኩበትን ቤት ሸጥኩት እኮ» አለች ዊኒፍሬድ። «ልጆቼን ያሳደግኩበትን። ምን ነካኝ? እዚህ አሸዋ ላይ ማንን አውቃለሁ? አንቺስ ስትመጪ እንዴት ቻልሽው?»

«እኔ ስመጣማ እዚህ ምንም...» አለች ሮዛሊንድ።

ውሸት ነበራ! እሷ ስትመጣ ግሌንዳ ነበረች፤ ከነባንዲራዋ፣ ከነሳህኗ፣ ከነምላሷ። ሮዛሊንድ የመጀመሪያውን ሳምንት አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ መቼ ጊዜ ነበራት? ከጠዋት እስከ ማታ በንዴት ተይዛ፣ ነገ ለግሌንዳ የምትመልስላትን ስታሰላ ነው የዋለችው። ስለ ዋልተር የተነገራት ነገር አሁን ገና ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ባሏን ቀብራ የመጣች ሴት፣ ሰው በሌለበት አሸዋ መሀል፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን። ለዚያች ሴት የምትናደድባት ጎረቤት እንኳ አልነበረቻትም።

ሮዛሊንድ ካርቶን ስባ ከዊኒፍሬድ አጠገብ ተቀመጠች። «እኔ ስመጣ ግሌንዳ ነበረች» አለቻት። «ቅዳሜ ትመለሳለች። ታበግንሻለች፣ አይዞሽ።»

የምረቃው ቀን ደረሰ። ግሌንዳ ተመልሳለች፤ ባርኔጣዋ አዲስ ነው፤ መቀሷን ይዛ ከፊት ቆማለች። ኬንት ማይክ ጨበጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«በመዝገባችን መሠረት፣ ውል በመፈረም ቀዳሚዋ ነዋሪያችን... ወይዘሮ ሮዛሊንድ ኮቫች!»

ጭብጨባ ሆነ። ግሌንዳ አንድ እግሯን አንሥታ ነበር፤ መለሰችው። ከዚያም መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቦርሳውን ዘጋች።

«ሂጂ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ዱዌይን ሚስቱን እየገፋ።

ሮዛሊንድ ወጣች። የመንደሩን መቀስ እጇ ላይ አኖሩላት። ጣፋጭ ነበር፣ አንዋሽ። አምስት ወር ሙሉ የቋመጠችለት ነገር ነው። ያንን ቃር አንድ ቀን እንኳ ለግሌንዳ ለማውረስ ስትል ዓይኗን ወደ እሷ ላከች። ግሌንዳ ግን በቅናት አላየቻትም። ጎንበስ ብላ የቦርሳዋን መዝጊያ በአውራ ጣቷ ታሻሻለች።

«ተሳስታችኋል» አለች ሮዛሊንድ።

«እንዴ፣ ወረቀቱን ያመጡት እኮ እርስዎ ነዎት!» አለ ኬንት ማይኩን በእጁ ሸፍኖ።

«ወረቀቱ ልክ ነው። ያን ወረቀት ስፈርም ግን ኦሃዮ ሶፋዬ ላይ ነበርኩ።» ማይኩን ነጠቀችው። «ስሙኝ! እዚህ አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻዋን የኖረችው እሷ ናት። እኔ ስመጣ ቢያንስ የምትቀድመኝ፣ የምናደድባት ጎረቤት ነበረችኝ። እሷ ማን ነበራት? ግሌንዳ! ነይ፣ አትገተሪ፣ ቁረጪ። ያንን ባርኔጣ ግን አውልቂልን፣ ሰዉን ሁሉ ጋረድሽው።»

ግሌንዳ መጣች። ባርኔጣውን አላወለቀችም። መቀሱን ተቀብላ ልትቆርጥ ስትል ሪባኑ እየሸሸ አስቸገራት። ወደ ሮዛሊንድ ጆሮ ጠጋ አለች።

«አሥራ ዘጠኝ ቀን አይደለም፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኩል ነው» አለቻት ቀስ ብላ። «የናንተ የዕቃ መኪና የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ከጠዋት ጀምሬ ጥጉ ላይ ቆሜ ስጠብቅሽ ነበር።»

ሮዛሊንድ ሪባኑን ወጠር አድርጋ ያዘችላት።