ሽበት አይተው የማያልፉት እትዬ ዙሀራ

በየከተማው፣ የሰው ጭንቅላት የባለቤቱ ነው ብሎ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። አሰላ ላይ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት፣ ገበያው ዳር ቅመማ ቅመምና ሻይ ቅጠል የሚሸጡት ክብርት እትዬ ዙሀራ ናቸው። ሽበት አይተው ማለፍ አይችሉም። ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ የሚያዩት የሰውን ዓይን ሳይሆን ከግንባር በላይ ያለውን ነው።

ለሊሳ የሚባል የእርሻ ባለሙያ አንድ ቀን ሻይ ቅጠል ሊገዛ ገብቶ፣ ሽበታም ራሱ በሂና ቀለም ተለውሶ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ወጣ። ወዲያው ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ደፍቶ ሲቀመጥ አረንጓዴ ውሃ በአንገቱ ይወርድ ጀመር፤ አጠገቡ የነበሩት ወንበራቸውን አራቁ። እትዬ ዙሀራ ወሬውን ሲሰሙ ያዘኑት፣ ሂናው ሰዓቱን ሳይሞላ በመታጠቡ ነው።

"ከቅጠል የመጣ ሰው አይጎዳም" ይላሉ። "ጥቁር ሂና" ተብሎ በካርቶን የሚሸጠውን ዱቄት ግን ሱቃቸው አያስገቡም። "እሱ ሂና አይደለም፤ ኬሚካል ነው። የሰው ቆዳ ሲልጥ በዓይኔ አይቻለሁ።"

አይናለም እኚህን ሴት ለአራት ዓመት ሸሽታለች። መምህርት ነበረች፤ እናቷ እማማ አባይነሽ መርሳት ሲጀምሩ ሥራዋን ትታ ቤት ዋለች። እሳቸው መጀመሪያ የጣዱትን ድስት ረሱ፣ ቀጥሎ የቤታቸውን በር፣ ከዚያ መራመድን። አይናለም አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ሃምሳ ሲሞላት ራሷ ላይ አንድ ጥቁር ፀጉር አልቀረም። በሱቁ በር ስታልፍ እትዬ ዙሀራ፣ "አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ፤ ይህ ራስ ምን በደለሽ?" ይሏታል። "ጊዜ የለኝም እትዬ" ብላ ትፈጥናለች። እውነትም አልነበራትም። እናቷን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ጎናቸው እንዳይቆስል ታገላብጣለች።

ባለፈው ክረምት እማማ አባይነሽ ልጃቸውን ማወቅ አቆሙ። አልረሷትም፤ የረሱት አጠገባቸው ያለችው እሷ መሆኗን ነው። ቀኑን ሙሉ በሩን እያዩ፣ "ልጄ አይናለም አልመጣችም?" ይላሉ።

"እኔ ነኝ እማዬ።"

"አንቺማ ሽበታም ነሽ። የእኔ ልጅ ፀጉሯ ጥቁር ነው።"

ከዚያ ያለቅሳሉ። ሁለት ወር እንዲህ ቀጠለ። አንድ ቀን ጠዋት አይናለም ሱቁ ገባችና ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች።

"አጥቁሩልኝ" አለች።

እትዬ ዙሀራ የድል ንግግር አላደረጉም። ምክንያቱን ሰምተው፣ ሂናውን በወፍራም ሻይና በተፈጨ ቅርንፉድ አቦኩት። "መጀመሪያ ቀይ ትሆኛለሽ፤ አትደንግጪ" አሏት። "ሂና ብቻውን ሽበት ላይ የካሮት ቀለም ነው የሚያወጣው። ከህንድ የሚመጣውን፣ ሰማያዊ የሚያቀልም ቅጠል ዱቄት ነገ ስንደርብበት ይጠቁራል።"

በቀዩ ቀን እማማ አባይነሽ ሲያዩዋት ፈርተው ብርድ ልብሱን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። በማግስቱ አይናለም እርጥብ ራሷን በፌስታል ጠቅልላ ሱቁ ውስጥ ስትጠብቅ፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጥርሷን አንቀጫቀጨው። ሲታጠብ ፀጉሯ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወጣ።

ቤት ስትገባ እናቷ ቀና አሉ። "አይናለም" አሉ።

ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸው ግን ከጀርባዋ የሆነ ሰው ይፈልጉ ነበር።

"ያቺ ሽበታም ሴትዮ የታለች?"

"የቷ እማዬ?"

"የምታጥበኝ። አባረርሻት እንዴ?"

አይናለም ምሳ ስታቀርብ እናቷ ከንፈራቸውን ገጠሙ። "ያቺ ናት የምታጎርሰኝ። አንቺ እስካሁን የት ነበርሽ?" ያን ቀን አልበሉም። በማግስቱም ከጥቂት ማንኪያ ውሃ በቀር ምንም አልቀመሱም።

በሦስተኛው ቀን አይናለም ሱቁ ድረስ ሮጣ ሄዳ፣ ደንበኞች ፊት፣ "አስለቅቁልኝ" አለች።

"ሂና አይለቅም ልጄ። ፀጉሩ ሲያድግ ነው የሚሄደው።"

"እንግዲያው እናቴን ገደሉብኝ።"

እትዬ ዙሀራ ሱቃቸውን በጠራራ ፀሐይ ዘግተው ተከተሏት። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ ለእርቅ እንደ ተላከ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እማማ፣ ያቺ ሽበታሟ ጢቾ ዘመዶቿ ጋ ሄዳለች። ይህችኛዋን ራሷ አስተምራታለች፤ ከእጇ ይብሉ ብላለች።"

እማማ አባይነሽ ወደ በሩ አዩ። "መቼ ትመለሳለች?"

"እየመጣች ነው። በእግሯ ስለሆነ ትንሽ ይቆያል።"

"እሷ ካስተማረቻትስ ታጉርሰኝ" አሉ።

አራት ጉርሻ በሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት አይናለም እናቷን አገኘች፤ ያገኘቻቸው ግን በደለኛ ሆና ነው። "ጥለሽኝ ሄድሽ" ይሏታል እየበሉ። አንድም ቀን ከአጠገባቸው ሳትለይ፣ ስለ መቅረቷ ይቅርታ ትጠይቃለች። ቢሆንም ስሟን ይጠሯታል፤ ለዚያ ስትል ቁጣውን ቻለችው።

ስድስት ሳምንት ሲሆን ሥሩ መንጣት ጀመረ። አይናለም እንደገና ልትቀባ ሄደች። እትዬ ዙሀራ ፀጉሯን ከመሀል ከፍለው አተኩረው አዩት።

"ይህን አልነካም" አሉ።

አይናለም ጆሮዋን ተጠራጠረች። "ከነጣማ እንደገና ትረሳኛለች።"

"ይረሱሽ ይሆናል። ያቺን ሽበታም ግን እየጠበቋት ነው። አንዴ አባርሬባቸዋለሁ፤ ሁለተኛ አላደርገውም።"

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ጠዋት አይናለም ፊታቸውን ልታብስ ስታጎነብስ፣ እናቷ ጣታቸውን ነጩ ፀጉር ላይ አሳረፉ።

"መጣሽ?" አሉ።

"መጣሁ።"

"ልጄን አገኘሻት? እዚህ ነበረች።"

"አገኘኋት።"

"ተቆጣኋት። ክፉ ልጅ አይደለችም። ንገሪያት።"

"እነግራታለሁ" አለች አይናለም።

ከዚያ በዘጠነኛው ቀን እማማ አባይነሽ አረፉ።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን፣ ከዲክሲስ የመጡት የእናቷ ወንድም ጋሼ አሰግድ የሸበተ ጺማቸውን እየዳበሱ አይናለም አጠገብ ተቀመጡ።

"እዚያ በር ላይ አንዲት ሴትዮ ውሃ ስታቀብለኝ ስለ ቅርንፉድ ታስረዳኛለች" አሉ። "በሰው ለቅሶ። ማን ናት?"

አይናለም ወደ ድንኳኑ በር አየች። እትዬ ዙሀራ ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ሲቀዱና ሰው ሲያስተናግዱ ውለው፣ ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቷል። አሁንም አንድ ራሰ ነጭ ሽማግሌ ፊት ቆመው ፀጉሩን በዓይናቸው ይለኩት ነበር።

"የእኛው ሰው ናቸው ጋሼ" አለች። "ለቅሶው ሲያልፍ ሄደው ይቀቡ።"