የኔታ ወልደኢየሱስ ቆላ ሲወርዱ

በየሰፈሩ ስለ ሁሉም ሰው የሚፈራ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ለጥ ብሎ ሲተኛ እሱ የሌላውን ፍርሃት ከራሱ ላይ ደርቦ ይፈራል። ዝናብ ሲመጣ የጎረቤቱ ጣሪያ፣ ፀሐይ ስትወጣ የጎረቤቱ ጭንቅላት ያስጨንቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው አመስጋኝ የለውም። በሰላም የተመለሰው መንገደኛ «ይኸው፣ ምን ሆንኩ?» ብሎ ይስቅበታል። ያልተመለሰው ደግሞ ለማመስገን አይመችም።

አዘዞ ላይ ይህን ሹመት ማንም ሳይሾማቸው የያዙት መሪጌታ ወልደኢየሱስ ናቸው። አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ፣ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚያዘልቁ፣ ሽማግሌው ሁሉ ሳይቀር «የኔታ» የሚላቸው ሰው ናቸው። የሚፈሩት ነገር ብዙ ነው፤ የፍርሃታቸው ሁሉ አለቃ ግን የቆላ ሙቀት ነው። የሚገርመው፣ ከጭልጋ ወዲያ እግራቸው ረግጦ አያውቅም። ስለ በረሃ የሚያውቁትን ሁሉ የለቃቀሙት ከሬዲዮ፣ ከጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀትና ከመተማ ከሚመለሱ ሰሊጥ አጫጆች አፍ ነው። ሲናገሩ ግን ዕድሜ ልኩን በረሃ የኖረ መናኝ ይመስላሉ።

የመተማ ሚኒባሶች የሚሞሉት ከደጃቸው ብዙም ሳይርቅ ነው። ስለዚህ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ በየኔታ ፍተሻ ያልፋል። «ውሃህ የታለ? ባርኔጣህስ? ቆላ ይቅርታ አያውቅም!» አንድ ጊዜ ለሥራ የሚወርዱ ሰባት ጎረምሶችን አሰልፈው፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ስለ ሽንታቸው ቀለም ጠየቋቸው። «እንደ ብርዝ ከሆነ መልካም፣ ሂዱ። እንደ ጠላ ከጠቆረ ግን ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ውሃ ጠጡ» ብለው በዜማ መምህር ድምፅ አወጁ። በዚያ የሚያልፉ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሮጡ።

ከሁሉ የተቸገረችው ታናሽ ልጃቸው ዝማሬ ነበረች። ጎንደር ከተማ ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ የደንበኛዋን ፀጉር ስትጎነጉን የአባቷ ዜና በየቀኑ ጆሮዋ ይደርሳል። «ምነው ዝሙ፣ አባትሽ ትላንት ባለቤቴን ከሚኒባስ አስወረዱት፤ ባርኔጣ የለህም ብለው!» ዝማሬ ትስቃለች፤ ፊቷ ግን ይቀላል። ታላቅ እህቷ ፀደንያ ገንዳ ውሃ መምህርት ናት። አባትየው ቀትር በሆነ ቁጥር ይደውሉላታል። «ጥላ ውስጥ ነሽ?» ይላሉ። «አዎ አባየ» ትላለች ፀደንያ፣ ሜዳ ላይ ፀሐይ መሐል ቆማ።

ፀደንያ ወንድ ልጅ ወለደች። እናታቸው ወይዘሮ ለተ ማርያም አራሷን ለማረስ ቀድመው ወረዱ። የክርስትናው ቀን ሲደርስ ግን አያትየው ሊቀሩ አይችሉም። መጋቢት ነው፤ ቆላ የሚነድበት ወር፣ ደግሞም ዐቢይ ጾም። የኔታ ሦስት ቀን ሙሉ ተዘጋጁ። ሦስት ጀሪካን ውሃ፣ ጨው፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ ሁለት ትርፍ ነጠላ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ዣንጥላ። ዝማሬ አብራቸው እንድትሄድ ታዘዘች። ጀሪካኖቹን ስታይ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«የኔታ፣ ክርስትና ነው ወይስ ስደት?» አለ ሾፌሩ ወንዴ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንነሣለን ብለህ ነበር» አሉ የኔታ ሳይስቁ። «ቀትር ሳይሆን መድረስ አለብን።»

«እንደርሳለን፣ እንደርሳለን» አለ ወንዴ። መኪናዋ እስክትሞላ ግን ሦስት ሰዓት ሆነ። አይከልን አልፈው ቁልቁለቱን ሲይዙ የመስኮቱ ነፋስ እንደ ምድጃ አፍ ትንፋሽ ይጋረፍ ጀመር። ዛፉ ቅጠሉን አራግፏል፤ ሣሩ ነጭ ሆኗል። ዝማሬ አባቷን ሰርቃ አየቻቸው። ዕድሜ ልካቸውን የፈሩት አገር መሐል ገብተዋል። ከንፈራቸው ዳዊት ይደግማል፤ እጃቸው ጀሪካኑን አቅፏል።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከሞተሩ እንፋሎት ተትጎለጎለ፤ መኪናዋም ቆመች። ወንዴ ወርዶ ከፈተና ተራገመ። የራዲያተሩ ቱቦ ተቀዷል። ስልኮች ወጡ፤ የአንዱም ስልክ ኔትወርክ የለውም። መንገዱ ከወዲያም ከወዲህም ባዶ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ በተከፈተ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ስለሆነ የሚያልፍ መኪና ጥቂት ነበር።

«ቱቦውን በጨርቅ አሥረዋለሁ» አለ ወንዴ። «የኔታ፣ ውሃውን ስጡኝ።»

«ለመኪና?»

«ለመኪና ነዋ! እሷ ካልጠጣች ማን ያደርሰናል?»

የኔታ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጡበት። «መኪና ቢሞት ሌላ ይገዛል። ሰው አይገዛም።»

ተሳፋሪው አጉረመረመ። አንዱ «ሽማግሌው እዚሁ ሊያስቀሩን ነው» አለ። ዝማሬ ፊቷ ጋለ፤ ሙቀቱ ይሁን እፍረቱ አልለየችውም። ጎንበስ ብላ «አባየ፣ አንዱን እንኳ ይስጧቸው። ሰው እየሰማ ነው» አለቻቸው። የኔታ አዩዋት። ከዚያ አንዱን ጀሪካን ገፋ አደረጉ። ወንዴ ቱቦውን በጨርቅ ጠመጠመና ውሃውን ቀዳበት። ሞተሩ ተነሣ፤ ሁሉም አጨበጨበ። መቶ ሜትር እንኳ ሳይሄዱ ጨርቁ ለቀቀና ውሃው ሁሉ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ዝማሬ እያየችው ደረቀ።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

የኔታ ተነሡ። «መኪናው ውስጥ ማንም አይቀመጥ፤ ምድጃ ነው። ወደዚያች ሮቃ ዛፍ እንሂድ» አሉ። ከመንገዱ ወረድ ብላ የቆመች አንዲት ሮቃ ነበረች፤ ጥላዋ ሳሳ ያለ ቢሆንም ጥላ ነው። ሕፃን የታቀፈች ሰላም የምትባል እናትን ከግንዱ ሥር አስቀመጡና ነጠላ አርሰው ከበላይዋ ዘረጉላት። ውሃውን በጨውና በስኳር በጠበጡት፤ ሎሚ ጨመቁበት። በአንዲት ኩባያ ያዞሩት ጀመር።

«የኔታ፣ ጾም ነው እኮ» አሉ አንዲት ባልቴት። «ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።»

«ጾም ሰውን ለማዳን ነው እንጂ ለመግደል አይደለም። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። ይጠጡ።»

ሁሉም ጠጡ፤ ዝማሬም ጠጣች። ወንዴ ብቻ አልመጣም። ያቺን ቱቦ አሸንፋለሁ ብሎ ከመኪናው ሥር ገብቶ ይታገላል። የኔታ ሁለት ጊዜ ጠሩት። በሦስተኛው ዣንጥላቸውን ይዘው ራሳቸው ሄዱ፤ ዝማሬ ተከተለቻቸው። ወንዴ ወጥቶ መንገዱ መሐል ቆሟል። ቆዳው እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ላቡ ግን ደርቋል።

«ሰዓቱ ሄደ፤ ጎንደር ልመለስ» አለ፤ በጫካው አቅጣጫ ይራመድ ጀመር።

የኔታ አንገቱን አቅፈው ያዙት። ዝማሬ እግሩን ይዛ፣ ሌሎችም ሮጠው መጥተው ተሸክመው ጥላ ሥር አስተኙት። አንዱ ኩባያ ወደ አፉ ሲያስጠጋ የኔታ ጮኹ፦ «አታጠጣው! አእምሮው ካልተመለሰ ያንቀዋል። ከላይ አፍስሱበት!» ሸሚዙን አወለቁ። አንገቱን፣ ብብቱን፣ ጭኑን አረጠቡ። አራት ሰው በነጠላና በካርቶን ያራግብ ጀመር። ያ የሳቁበት ውሃ አብዛኛው ወንዴ ላይ ፈሰሰ። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። በመጨረሻ ዓይኑን ገልጦ «የት ነኝ?» አለ። ሰላም አለቀሰች።

ፍርሃቱ ቀለል ያለ መስሎ ነበር። ሕፃኑ ሲያለቅስ የኔታ ከግንዱ ተደግፈው ዳዊት በዝቅተኛ ድምፅ ያንጎራጉሩለት ጀመር። ዝማሬ ይህን ድምፅ ሳትሰማ ያደረችበት ቀን የለም፤ ሌላ ሥራ እየሠራችም ጆሮዋ ይከተለዋል። በድንገት አንድ ስንኝ ተዘለለ። የተሳሳቱ ቢመስላት ቀና አለች። የኔታ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ እንደገና እዚያው ላይ ተያዙ። ሦስተኛ ጊዜ ጀምረው ቃሉ ጠፍቷቸው ዝም አሉ። አባቷ ዳዊት ሲስቱ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም።

ያን ጊዜ አስታወሰች፦ ኩባያዋ በሁሉም እጅ ስትዞር በእሳቸው እጅ እንጂ በእሳቸው አፍ አላለፈችም።

«አባየ፣ ይጠጡ።»

«ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።»

«ለሌላው ሁሉ ፈቅደው የለም?»

«እኔ ለምጃለሁ። አንቺ ለዚያች እናት ስጫት።»

ዝማሬ ልትቀዳላቸው ጀሪካኑን አነሣች። እጇ ባዶ ነገር እንዳነሣ ተወረወረ፤ እንዲህ ይቀላል ብላ አልጠበቀችም። ከሥሩ ሁለት ኩባያ ያህል ብቻ ቀርቷል። ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ጾሙ ምክንያት ነበር። ሰውየው ውሃውን በዓይናቸው ሲለኩ ቆይተው፣ ለሁሉም እንደማይበቃ አይተው፣ የራሳቸውን ድርሻ በዝምታ አውጥተውታል። ድርሻቸው የነበረውንም ያን አንዱን ጀሪካን እሷ ናት በእፍረቷ ምክንያት አስፋልት ላይ ያስደፋችው።

ልትቆጣ ፈለገች፤ ልትለምን ፈለገች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«አባየ፣ ፈራሁ።»

የኔታ ቀና አሉ። በዚህ ዓለም ስንቱ የሳቀባቸው፣ የሸሻቸው፣ ዋሽቶ ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ «ፈራሁ» ብሎ ፊታቸው የቆመ ሰው ግን አልነበረም። ልጃቸውን አዩ። እጃቸውን ዘረጉና ኩባያውን ተቀበሉ። አማተቡ። እስከ መጨረሻው ጠጡት። ሁለተኛውን ቀዳች፤ እኩሌታውን ጠጥተው የቀረውን ለሰላም ስጫት አሉ፤ እሷም ሰጠቻት።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሽንኩርት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና ከሩቅ ታየ። ባልቴቷ ሳይቀሩ መንገዱ መሐል ቆመው ነጠላ አውለበለቡ። ወንዴና የኔታ ጋቢና ገቡ፤ ሌላው ከኋላ ተጫነ። ገንዳ ውሃ ሲደርሱ ሁለቱን በቀጥታ ጤና ጣቢያ አስገቧቸው። ጉሉኮስ የሰቀለችላቸው ሐኪም «ትንሽ ብትዘገዩ...» ብላ ጀመረችና የዝማሬን ፊት አይታ ተወችው።

ወይዘሮ ለተ ማርያም ደንግጠው መጡ፤ አልቅሰው፣ ተቆጥተው፣ አራሷን ሊያረጋጉ ተመልሰው ሄዱ። ክርስትናው ለነገ ጧት ነው። ከሚኒባሱ ተሳፋሪዎች አብዛኞቹ ከጤና ጣቢያው ግቢ አልወጡም። ያ «ሽማግሌው ሊያስቀሩን ነው» ያለው ሰውዬ በር ላይ ቁጢጥ ብሎ ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ «ቀስ በሉ፤ የኔታ ተኝተዋል» ይላል።

የኔታ ግን አልተኙም ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው «ዝማሬ» አሉ።

«አቤት አባየ።»

«ሁሉም ደረሱ?»

«ሁሉም ደረሱ። እርስዎም ደረሱ።»

«ስለ እኔማ አልጠየቅሁም» አሉ፤ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ዝማሬ አባቷ በቀን ሲተኙ አይታ አታውቅም። የማታዋ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ እግራቸው ላይ አረፈች፤ ቀስ በቀስም ወደ ጉልበታቸው ትወጣ ጀመር። መጋረጃ የለም። ዝማሬ ድምፅ እንዳታሰማ ወንበሯን አንሥታ መስኮቱ ፊት አስቀመጠች፤ ጀርባዋንም ለፀሐይ ሰጥታ ተቀመጠች። ጀርባዋ ይነድዳል። እስክትጠልቅ ድረስ ግን ከዚያ አልተነሣችም።