«እንብላ» ሲባሉ የሚቀመጡት ጋሽ ነጅሙዲን

በአገራችን «እንብላ» ማለት «እንዴት ዋልክ» እንደማለት ነው። አፍ ይለዋል፣ ሆድ አይሰማውም። የተጠራውም ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ብሉ፣ ይባርክላችሁ፣ አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» ይላል፤ ከትናንት ጀምሮ እህል ባይቀምስም። በዚህች ውሸት ተከባብረን እንኖራለን። ግን በየከተማው «እንብላ» ሲባል የሚቀመጥ አንድ ሰው አይጠፋም። የቆቦው ጋሽ ነጅሙዲን ይባላሉ።

ክቡርነታቸው የበሬ ደላላ ናቸው። ስድሳን ተሻግረዋል፣ ቀጭን ናቸው፤ ያ ሁሉ ምግብ የት እንደሚገባ እስከ ዛሬ የደረሰበት ሰው የለም። ሽርጣቸውን ጠበቅ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጋደም አድርገው ከገበያው ወደ አስፋልቱ ብቅ ሲሉ፣ በየበረንዳው ፉል የቀረበለት ሁሉ አንገቱን ይደፋል። አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ ያልተፈታ የጫማ ክር ያስራል። ሳምቡሳውን በፋይል ሸፍኖ ፊርማ የሚፈልግ የሚመስል ሰው እንኳ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥፋቱ ግን የእኛው ነው። ዓይን ለዓይን ከተጋጨን በኋላ ዝም ማለት አልተማርንም። «እንብላ ጋሼ!» ታመልጠናለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ! ዞር ስንል እሳቸው ወንበር ስበው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ጀምረዋል። «እህል ተጠርቶ እምቢ አይባልም፣ ግፍ አለው» ይሉናል ዳቦውን እየቆረሱ።

አንድ ጊዜ ወደ ቆቦ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዋጃ ላይ ቆመና በመስኮት አራት ሳምቡሳ ገዛሁ። ከጎናችን ወደ አላማጣ የሚሄድ ሌላ ሚኒባስ ቆሟል። ቀና ስል መስኮቱ ላይ ጋሽ ነጅሙዲን! እጄ ከእኔ ፈቃድ ውጭ ሳምቡሳውን ከፍ አደረገ፣ አፌም «እንብላ» አለ። ሰውየው ከመኪናቸው ወረዱ፣ ዞረው የእኔ መኪና ላይ ወጡ፣ ከጎኔ ተቀመጡና ወደ ቆቦ ተመለሱ። «አላማጣስ ጋሼ?» ብላቸው፣ «አላማጣ ነገም አለች፤ ሳምቡሳ ግን ይበርዳል» አሉኝ።

ጀዊሪያ ጭማቂ ቤት ደግሞ ሁለት ፍቅረኞች አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ በሁለት ስትሮው ሲጠጡ ደረሱባቸው። ልጅቱ አስተዳደጓ ጥሩ ነውና ግብዣዋን ወርወር አደረገች። ክቡርነታቸውም በጨዋ ደንብ ሦስተኛ ስትሮው አዘዙ።

የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም፤ ስለዚህ የእኛ የፍስክ ወራት ለእሳቸው የሐዘን ወራት ናቸው። ሁዳዴ ሲገባ ግን ፊታቸው ይፈካል። ምስሩ፣ ሽሮው፣ በዘይት ያበደው ፉል ሁሉ ተፈቀደላቸው ማለት ነው። እኛ የምንጾመውን ጾም እሳቸው ይፈስኩበታል። «አሏህ ጾማችሁን ይቀበላችሁ፣ አያሳጥረው!» እያሉ ከልባቸው ይመርቁናል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ደጀን እባላለሁ፣ ሞባይል እጠግናለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁርሴን የበላሁት አስፋልቱ ዳር በጋሽ ወልደ ገብርኤል ፉል ቤት ነው። ፉሉ እውነትም ግሩም ነው፤ እኔ ግን የምሄደው ፉሉን ለምታቀርበው ለልጃቸው ለሰላማዊት ነበር። እሷም እሺ ብላኛለች፤ የቀረው አባቷ ነው። እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ጋሽ ወልደ ገብርኤል ከእኔ በፊት የሌሎች ሰዎችን ሁለት ሽምግልና በፉል መልሰዋል። ደንቡ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም፣ አይቀምስም ነው። እሳቸው ግን ትኩሱን ፉል አስቀርበው ያግደረድራሉ፤ ሽማግሌው ይሸነፋል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል። ከበላ በኋላ በምን አፉ ይሟገታል? «እንግዲህ እንነጋገርበታለን» ተብሎ፣ ጠግቦ ይሸኛል። ሰላማዊትም እዚያው ትቀራለች።

ሐሙስ ጠዋት፣ ለእሁድ ከመረጥኳቸው ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ ለቅሶ ወልድያ መሄዱን ሰማሁ። ፉሌ ቀርቦ አልወርድ አለኝ። የሚወርድላቸው ጋሽ ነጅሙዲን ከጎኔ ተቀምጠዋል።

«ምን ሆነሃል ደጄ? ጨው በዛበት?»

ነገርኳቸው። አፋቸውን ጠራርገው፣ «አብሽር! እኔ አለሁ አይደል እንዴ!» አሉ።

ወተት ለድመት አደራ! ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ እዚያ ቤት እኮ መብላት የለም።»

«ከነገሩ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት!»

ረጅም ጊዜ አሰቡ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሲያስቡ አይቻቸው አላውቅም።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ፣ የተረፈውን ዳቦ ወደ ራሳቸው እየሳቡ።

እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱ አጎቶቼና ጋሽ ነጅሙዲን ከፉል ቤቱ ጀርባ ወደሚገኘው መኖሪያ ገቡ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ጀዊሪያ ጋ ተቀምጬ ማንጎ ጭማቂ አዝዣለሁ፤ አልቀመስኩትም። ሰላማዊት ከጓዳ ሆና በስልክ ትጽፍልኛለች።

«ገቡ። አባዬ ተቀመጡ እያለ ነው።»

«ፉሉ ቀረበ። ከነእርጎው፣ ከነቃሪያው።»

«ትልቁ አጎትህ ተቀመጡ።»

«ትንሹም ተቀመጡ። እየበሉ ነው።»

አለቀልኝ! የሥጋ ዘመዶቼ በአንድ ሳህን ፉል ሸጡኝ። «ጋሽ ነጅሙዲንስ?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ዘገየ። ጀዊሪያ እስክትታዘበኝ ድረስ ላቤ ተንቆረቆረ።

«ቆመዋል» አለችኝ።

የቀረውን በኋላ ነው ያወራችልኝ። አባቷ ዓይናቸውን ማመን አቅቷቸው፣ «ነጅሙዲን፣ አሞሃል እንዴ?» አሉ።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ልጅቱን ስጠን።»

«መጀመሪያ ብላ!»

«መጀመሪያ ስጠን።»

ፈጢራ በማር መጣ። ጋሽ ነጅሙዲን ምራቃቸውን ዋጡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ አልተቀመጡም። ለአንድ በሬ ዋጋ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ የሚቆሙ ደላላ መሆናቸውን ሁላችንም ረስተነዋል። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ጋሽ ወልደ ገብርኤል ጨነቃቸው፤ ሲጨንቃቸው ደግሞ የአገራቸው ትግርኛ ይመጣባቸዋል። «ብላዕ እንዶ በጃኻ!» ብለው እንዲበሉ ለመኑ።

«ስማኝ ወልደ ገብርኤል» አሉ ጋሽ ነጅሙዲን። «እኔ ሞኝ አይደለሁም። ሰው እንብላ ሲለኝ ሂድልኝ ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ ግን ብቻዬን መብላት አልሆነልኝም። ይሄ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አብሮኝ በላ። ጠግቤያለሁ እያለ ዳቦውን ወደ እኔ ይገፋል፤ እንዳልጠገበም አውቃለሁ። ልጅህን ለእሱ ካልሰጠህ ለማን ልትሰጥ ነው?»

አጎቶቼ ማላመጥ አቆሙ። ጋሽ ወልደ ገብርኤል ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲበርድ የቆየውን ፉል አዩ፣ ሰውየውን አዩ። «ሰጥቻለሁ» አሉ። «በል አሁን ትኩስ ይምጣልህ።»

እኔ ይህን ስሰማ አፈርኩ። ስንት ቀን ፊቴን እንዳጠቆርኩባቸው፣ ስንት ቀን ከሩቅ አይቼ መንገድ እንደቀየርኩ የማውቀው እኔ ነኝ። ዳቦውን የገፋሁትም ሰላማዊት እያየችኝ ስለነበረ ነው። እኒህ ሰው ግን የኔን ክፉ ቀን ሁሉ ትተው ደጉን ብቻ ቆጥረው ኖረዋል። እወዳቸዋለሁ፤ ይኸው ተናገርኩ።

የዚያን ቀን ግን ገና ምንም አላወቅኩም ነበር። ብቻ ሰላማዊት እንፋሎቱ የሚነሳ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ፣ ባጃጁን ሁሉ አስቁማ አስፋልቱን ስትሻገር አየሁ። ፊቷ ይስቃል። «ለጋሽ ነጅሙዲን የቀረበ ነው» አለችኝ። «ደጄ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፣ ለእሱ ውሰጂለት ብለው ነው።»

ቀና አልኩ። ጋሽ ነጅሙዲን ፉል ቤቱ በር ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ያያሉ። ከኋላቸው ጋሽ ወልደ ገብርኤል ወንበር ይዘው እጃቸውን ይጎትታሉ። እኔ የመጀመሪያውን ጉርሻ እስክውጥ ድረስ አልተቀመጡም።