ለሽርሽር ወጥቼ ውድድር ስመራ

ሐበሻ ብቻውን ሲዝናና ታይቶ አይታወቅም። ብቻውን ያለቅሳል፣ ብቻውን ያስባል፣ ሲቸግረውም ብቻውን ይበላል፤ ብቻውን ሽርሽር ወጣ ከተባለ ግን ወይ ተጣልቷል ወይ ታሟል። በዕረፍት ቀኔ ብስክሌቴን ይዤ ለብቻዬ ጣሊያን ልሄድ ነው ስል፣ ባለቤቴ ሰናይት ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰችኝ። ትኩሳት የለኝም። "ታዲያ ማን አስቀየመህ?" አለች።

ማንም። ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቭ ከተማ ውስጥ ትራም ነጂ ነኝ። ከሰፈራችን ከሜራን መሃል ከተማ፣ ከመሃል ከተማ ሜራን። ሐዲዱ ካላዘዘኝ አንድ ቀን እንኳ ወደ ግራ ታጥፌ አላውቅም። ወደፈለግኩበት ልታጠፍ ማለት ኃጢአት ነው?

በማለዳ ባቡር ድንበር ተሻግሬ በሰሜን ጣሊያን የፒየሞንቴ ኮረብቶች መሃል ወረድኩ። የለበስኩት፣ ዙሪክ አጠገብ ኡስተር የሚኖረው ጓደኛዬ በረከት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዝቶ የላከልኝ ቢጫ የብስክሌተኛ ማሊያ ነው። ጀርባው ላይ ቁጥር አለው። ቁጥር ማንን ጎድቶ ያውቃል?

እስከ ረፋዱ ድረስ ገነት ነበር። በወይን እርሻ መሃል፣ ደስ ሲለኝ ወደ ግራ፣ ደስ ሲለኝ ወደ ቀኝ። አንዷን ቀጭን መንገድ ጨርሼ ወደ ዋናው ስወጣ ግን አንድ መንደር ሕዝብ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ጠበቀኝ። ሲያዩኝ ጮኹ፤ አጨበጨቡ። አንድ ሰውዬ ቀዝቃዛ ውሃ አናቴ ላይ ቸለሰብኝ።

ለካ የአካባቢው የብስክሌት ውድድር ኖሯል፤ እኔም በጎን ገብቼ እየመራሁ ነው! ቀጭን ጥቁር ሰው፣ ቢጫ ማሊያ፣ ቁጥር። ምኑን ይጠራጠሩ? "ለሽርሽር ነው የመጣሁት!" ብዬ በፈረንሳይኛ ጮህኩ። ይባስ ብለው አጨበጨቡ። ይህን ዳገት ሽርሽር የሚል ጀግና ነው ብለው ይሆናል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እየተጨበጨበለት ወርዶ ብስክሌቱን የሚገፋ ማን ነው? የአገር ክብር ሁለት ጉልበቶቼ ላይ ተጫነ። ነዳሁ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ትደልቃለች። ጥቁር የለበሱ አንዲት አሮጊት ብቻ አላጨበጨቡልኝም፤ ከንፈራቸውን ነክሰው አዩኝ።

ከጫፉ ትንሽ ሲቀረኝ እግሮቼ ሳያማክሩኝ ሥራ አቆሙ። ወደ ዳር ወጣሁና የምደገፈው አጥር ፍለጋ እጄን ዘረጋሁ። በዚያች ቅጽበት አንድ ቀይ የለበሰ ወጣት ሽው ብሎ አለፈኝ። ሕዝቡ አበደ። አሮጊቷ እያለቀሱ መጥተው ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ።

ፈረንሳይኛ የምትችል የመንደሩ አስተማሪ አስረዳችኝ። ወጣቱ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ነው። ዓምና እዚሁ ዳገት ላይ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ፣ ዳግመኛ ብስክሌት ላይ አይወጣም ተብሎ ነበር።

"ታሪኩን ሰምተው ነው ያሳለፉት፣ አይደል?" አለችኝ። "መንገድ ለቀው፣ በእጅዎ 'እለፍ' ሲሉት ሁላችንም አይተናል።"

"እኔ እኮ ተወዳዳሪም አይደለሁም" አልኳት።

ዞር ብላ ተረጎመችላቸው። እንዴት እንደተረጎመችው እንጃ፣ ባርኔጣውን ያወለቀ ሁሉ ነበር።

አሮጊቷ ምሳ ካልበላህ ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። ወጣቱ ትንሽ እያነከሰ ገብቶ በሁለት እጁ እጄን ጨብጦ አልለቅም አለ። እኔም እንባዬ መጣ። ቢሆንም እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት፣ አሮጊቷ በሹካ የጠቀለሉትን ፓስታ አጎረሱኝ። ዝም አይነቅዝም።

ሜራን ስገባ ለሰናይት አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። "አንተ ደግሞ፣ ራስህን ዝቅ ማድረግ ልማድህ ነው" አለችኝና ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤያችን አወራችው። እሑድ ወንጌላዊው ስለ ትሕትና እንድመሰክር መድረክ ላይ አወጡኝ። አሁን የኡስተር ምእመናንም ጋብዘውኛል፤ የዙሪኮቹም ይጠብቁኛል። በዚህ አገር ትሑት መሆኔን ሳይሰማ የሚቀር ሐበሻ እንዳይኖር፣ የዕረፍት ቀኖቼን በሙሉ ሰጥቻለሁ።